ጠይቁን፦ ዲኤንኤ ለምን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይቀዳል?

በዚህ ወር ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ዲኤንኤ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ስለቀረበ ይመስለናል፤ ግን ከላብራቶሪም፣ ከማዕድ ቤትም የመጣ አለ። ብዙዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ስለሚገናኙ ቅደም ተከተላቸውን እኛው አስተካክለን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ መጽሐፋችን ስለ ዲኤንኤ ባወራ ቁጥር «5 ፕራይም»፣ «3 ፕራይም» ይላል። ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሁለቱ ክሮች ተቃራኒ ናቸው ሲባልስ በምንድን ነው የሚቃረኑት? — የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አዘዞ

መልስ፦ ቁጥሩ የካርቦን ቁጥር ነው። አንድ የዲኤንኤ ፊደል፣ ማለትም አንድ ኑክሊዮታይድ፣ ከሦስት ነገር የተሠራ ነው፦ ከስኳር፣ ከፎስፌትና ከቤዝ። ስኳሩ ዲኦክሲራይቦዝ ይባላል፤ አምስት ካርቦን አለው፤ ኬሚስቶችም ከ1 እስከ 5 ቆጠሯቸው። ነገር ግን የቤዙ አቶሞችም 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ስለሚቆጠሩ፣ እንዳይምታታ በስኳሩ ቁጥሮች ራስ ላይ ትንሽ ጭረት ተደረገባቸው። ያቺ ጭረት ናት ፕራይም። ሌላ ምሥጢር የላትም።

አሁን ስኳሩን ቀረብ ብለህ እየው። በ1 ፕራይም ካርቦን ላይ ቤዙ ተንጠልጥሏል። በ5 ፕራይም ላይ ፎስፌቱ አለ። በ3 ፕራይም ላይ ደግሞ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጂን ብቻ፣ ማለትም ሃይድሮክሲል፣ ተቀምጧል። ፊደል ከፊደል ሲያያዝ የአዲሱ ፊደል ፎስፌት የቀደመውን ሃይድሮክሲል ይይዛል። ልጆች ባቡር ሲጫወቱ የኋለኛው የፊተኛውን ወገብ እንደሚይዘው ማለት ነው። ሰልፉ ምንም ያህል ቢረዝም ከፊት ያለው ልጅ እጁ ባዶ ነው፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ወገቡን የያዘው የለም። ሁለቱ ጫፎች አይመሳሰሉም። የዲኤንኤ ክርም እንዲሁ በአንዱ ጫፍ ነፃ ፎስፌት (5 ፕራይም)፣ በሌላው ጫፍ ነፃ ሃይድሮክሲል (3 ፕራይም) አለው። አቅጣጫ አለው የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለቱ ክሮች ደግሞ ጎን ለጎን ሆነው ፊታቸውን ወደ ተለያየ ወገን እንዳዞሩ ሁለት የልጆች ባቡሮች ናቸው፤ አንደኛው 5 ፕራይም በሚልበት ጫፍ ሌላኛው 3 ፕራይም ይላል።

በመካከላቸው ቤዞቹ ይገናኛሉ፤ አዴኒን ከታይሚን በሁለት፣ ጓኒን ከሳይቶሲን በሦስት የሃይድሮጂን ትስስር። አዴኒንና ጓኒን ባለሁለት ቀለበት ስለሆኑ ሰፊ ናቸው፤ ታይሚንና ሳይቶሲን ባለአንድ ቀለበት ጠባብ ናቸው። ሁልጊዜ ሰፊ ከጠባብ ስለሚጣመር መሰላል የሚመስለው የጥንዱ ክር ወርድ ከዳር እስከ ዳር 2 ናኖሜትር ሆኖ ይዘልቃል። በየ10.5 ጥንዱ ገደማ አንድ ሙሉ ዙር ይጠመዘዛል። ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ ይህን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲያወጡ የሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ምስልና የልኬት ውጤቶቿ ባይኖሩ ኖሮ እዚያ መድረሳቸው ያጠራጥር ነበር። መጽሐፍህ ሁለቱን ብቻ ጠርቶ ካለፈ ስሟን ጨምርበት።

ለፈተናው ሁለት ነገር ያዝ። አንደኛ፣ «5 ፕራይም ኤ-ቲ-ጂ-ሲ-ሲ-ጂ-ቲ 3 ፕራይም» ተሰጥቶህ ተጓዳኙን ጻፍ ብትባል፣ በቀጥታ ከሥሩ የምትጽፈው ቲ-ኤ-ሲ-ጂ-ጂ-ሲ-ኤ ነው፤ ግን ይህ የሚጀምረው በ3 ፕራይም ነው። ምርጫዎቹ በ5 ፕራይም የሚጀምሩ ከሆነ ከኋላ ወደ ፊት ገልብጠው፦ ኤ-ሲ-ጂ-ጂ-ሲ-ኤ-ቲ። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛ፣ ጓኒን 22 በመቶ ነው ከተባልክ ሳይቶሲንም 22 ነው፤ የቀረው 56 ለሁለት ሲካፈል አዴኒንና ታይሚን 28፣ 28 ይሆናሉ። ይህ የሚሠራው ለጥንድ ክር ብቻ ነው፤ ባለ ነጠላ ክር ቫይረስ ላይ አትሞክረው።

ጥያቄ፦ ስለ ዲኤንኤ መባዛት ሳስተምር አንዱ ክር ሳይቋረጥ፣ ሌላው ግን በቁርጥራጭ እንደሚቀዳ እነግራቸዋለሁ። አንድ ተማሪዬ «ታዲያ ወደ ሌላው አቅጣጫ የሚቀዳ ሌላ ኢንዛይም ለምን የለም?» ብሎ ጠየቀኝ። አጥጋቢ መልስ አጣሁ። — የባዮሎጂ መምህር፣ ማራኪ

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀው ዋናውን ጥያቄ ነው። የኢንዛይሞቹን ስም ዝርዝር ከማሸምደድ ይልቅ ዲኤንኤን ስለሚቀዳው ኢንዛይም፣ ስለ ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝ፣ ሁለት ነገር ብቻ ቢያስይዟቸው የቀረው ራሱ ይመጣል። አንድ፦ ፖሊሜሬዝ ከባዶ መጀመር አይችልም፤ የተጀመረ ክር ይቀጥላል እንጂ። ሁለት፦ ፊደል የሚጨምረው በ3 ፕራይም ጫፍ ላይ ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ጠባይ የተነሳ ፕራይሜዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ቀድሞ ወደ 10 ፊደል ገደማ አርኤንኤ (የዲኤንኤ የቅርብ ዘመድ) ይዘረጋለታል፤ ይህ ፕራይመር ነው። ከሁለተኛው ጠባይ የተነሳ ደግሞ ሄሊኬዝ ሁለቱን ክሮች እየለያየ ወደ ፊት ሲሄድ፣ በአንዱ ክር ላይ ያለው ፖሊሜሬዝ ኋላ ኋላው እየተከተለ ይቀዳል፤ በሌላው ላይ ያለው ግን ፊቱ ወደ ኋላ ነው። ጥቂት ይቀዳል፣ ይለቃል፣ አዲስ ቦታ ሲከፈት ተመልሶ ከአዲስ ፕራይመር ይጀምራል። እነዚህ ቁርጥራጮች ናቸው በጃፓናውያኑ ባልና ሚስት በሬይጂና በሱኔኮ ኦካዛኪ ስም የሚጠሩት። በባክቴሪያ ከ1,000 እስከ 2,000 ፊደል፣ በእኛ ህዋስ ግን ከ100 እስከ 200 ፊደል ብቻ ናቸው። በመጨረሻ አርኤንኤው ይነሳል፣ ክፍተቱ በዲኤንኤ ይሞላል፣ ላይጌዝ ስፌቱን ይዘጋል።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ለመያያዝ ኃይል ያስፈልጋል። ኃይሉን ይዞ የሚመጣው አዲሱ ፊደል ነው፤ ሦስት ፎስፌት ተሸክሞ ይመጣና ሁለቱን ጥሎ ይያያዛል። ባጃጅ ላይ የሚሳፈር ሰው የራሱን ሂሳብ ይዞ እንደሚመጣው ነው። ተሳስቶ የተሳፈረ ቢኖር ይወርዳል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም የራሱን ይከፍላል፤ ጉዞው አይቆምም። ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚቀዳ ኢንዛይም ቢኖር ግን ሦስቱ ፎስፌት የሚቀመጠው በሚያድገው ክር ጫፍ ላይ ይሆን ነበር። ውስጥ ያለው ለሚቀጥለው ይከፍላል እንደ ማለት ነው። ያን ተሳፋሪ በስህተት ገብቷል ብለው ቢያወርዱት ሂሳቡን ይዞ ይወርዳል፤ ለሚቀጥለው የሚከፍል የለም፤ ክሩ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ህዋስ የገጠመው ምርጫ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ሳይቋረጡ መቅዳት ወይም የተሳሳተውን እያረሙ መቅዳት ነው። ሕይወት ያለው ሁሉ ማረምን ይዟል።

እርማቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ቁጥሩ ያሳያል። ፖሊሜሬዝ ሲመርጥ በ100,000 ፊደል አንድ ጊዜ ገደማ ይሳሳታል። ወዲያው ወደ ኋላ ተመልሶ ሲቆርጥ ስህተቱ ወደ 10 ሚሊዮን አንድ ይወርዳል። ከኋላ የሚመጡ ሌሎች አራሚዎች ሲጨመሩ በቢሊዮን አንድ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። አንድ ህዋሳችን ከእናትም ከአባትም የመጣውን ይዞ ከ6 ቢሊዮን በላይ የፊደል ጥንድ ይቀዳል፤ ያለ እርማት 60,000 ስህተት በአንድ ጊዜ ይገባ ነበር።

ለክፍል አንድ ስሌት እንጨምርልዎ። የኮሊ ባክቴሪያ ፖሊሜሬዝ በሰከንድ 1,000 ፊደል ገደማ ይቀዳል፤ የእኛ ግን 50 አካባቢ ነው። ትልቁ ክሮሞሶማችን፣ ቁጥር 1፣ ወደ 249 ሚሊዮን ጥንድ አለው። ከመካከሉ ካለ አንድ ቦታ ብቻ ተነስቶ በሁለቱም በኩል ቢቀዳ በሰከንድ 100 ጥንድ ነው፤ ያካፍሉት፣ 29 ቀን ገደማ ይመጣል። ህዋስ ግን በ8 ሰዓት አካባቢ ይጨርሳል፤ ምክንያቱም በአጠቃላይ ከ30,000 በላይ መነሻ ቦታዎች ላይ ሥራውን ስለሚከፍት ነው። ተማሪዎቹ ይህን ራሳቸው ቢያሰሉት ከማንበብ ይልቅ ይገባቸዋል።

ቶፖአይሶሜሬዝንም በሁለት የሹራብ ክር ማሳየት ይቻላል። ሁለት ክሮች አንድ ላይ አጥብቀው ያክርሩ፤ አንዱን ጫፍ የበር እጀታ ላይ ይሰሩት፤ ከሌላው ጫፍ ሁለቱን ግራና ቀኝ እየለያዩ ይሳቡ። ብዙ ሳይቆይ ከፊት ያለው ይጨማደድና አልከፈት ይላል። በህዋስ ውስጥ ያን ቆርጦ፣ አላልቶ፣ መልሶ የሚቀጥለው ቶፖአይሶሜሬዝ ነው። ሐኪም የሚያዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚያጠቃው የባክቴሪያውን ቶፖአይሶሜሬዝ ነው፤ የእኛው ቅርጹ ስለሚለይ ይተርፋል።

የክሮሞሶም ጫፍ ማጠርም ከዚሁ ምንጭ ነው። በመጨረሻው ጫፍ ላይ ያለው ፕራይመር ሲነሳ ቦታውን የሚሞላ የለም፤ ከበስተኋላው የሚጀመርበት ክር ስለሌለ። ጫፎቹ ላይ ቲ-ቲ-ኤ-ጂ-ጂ-ጂ እየተባለ ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ የተደጋገመ ትርፍ አለ፤ በየክፍፍሉ የሚታጨደው ከዚህ ነው። በዘር ህዋሳት ቴሎሜሬዝ የሚባል ኢንዛይም መልሶ ያስረዝመዋል፤ አብዛኞቹ ነቀርሳዎችም ይህንኑ ኢንዛይም ያነቃሉ። የባክቴሪያ ዲኤንኤ ብዙውን ጊዜ ክብ ስለሆነ ጫፍ የለውም፤ ችግሩም የለበትም።

ጥያቄ፦ ቁም ጸሐፊ ብራና ሲቀዳ ዋናው እንዳለ ይቀመጣል፤ ቅጂው ሌላ ነው። ህዋስስ? ለልጅ ህዋስ የሚሰጠው ዋናውን ነው ቅጂውን? — ዲያቆን፣ ቀሐ

መልስ፦ ሁለቱንም አይደለም፤ ወይም ሁለቱንም ነው። ህዋስ ዋናውን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ አዲስ ግማሽ ይሠራለታል። ሁለቱም ልጆች አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ክር ይዘው ይሄዳሉ። ዋና የሚባል መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ አይቀርም።

ይህን ማቲው ሜሰልሰንና ፍራንክሊን ስታል እ.ኤ.አ. በ1958 አሳይተዋል። ባክቴሪያዎችን ለብዙ ትውልድ ከባድ ናይትሮጅን፣ ማለትም ናይትሮጅን 15 እየመገቡ ዲኤንኤያቸውን አከበዱት፤ ከዚያ ወደ ተራው ናይትሮጅን 14 አዛወሯቸው። ዲኤንኤውን በሲዚየም ክሎራይድ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ሲያሽከረክሩት እንደ ክብደቱ በየደረጃው ይቆማል። ከአንድ ትውልድ በኋላ የታየው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ በከባዱና በቀላሉ መካከል። ዋናው እንዳለ ቢቀር ኖሮ ሁለት መስመር፣ አንድ ከባድና አንድ ቀላል፣ ይታይ ነበር። ከሁለት ትውልድ በኋላ ግማሹ መካከለኛ፣ ግማሹ ቀላል ሆነ።

የብራናው ምሳሌ በአንድ ነገር ግን በደንብ ይሠራል። አራሚ ሁለት የማይገጥሙ ፊደሎች ቢያገኝ የትኛውን ይፋቅ? ዋናው የትኛው እንደሆነ ካላወቀ ትክክለኛውን ሊፍቅ ይችላል። እንደ ኮሊ ባሉ ባክቴሪያዎች አሮጌው ክር በየቦታው ሜቲል የሚባል ምልክት ተደርጎበታል፤ አዲሱ ለጥቂት ጊዜ ምልክት የለውም። አራሚው ኢንዛይም ምልክት የሌለውን፣ ቀለሙ ያልደረቀውን ይፍቃል።

ጥያቄ፦ በሳይንስ ክበባችን የሙዝ ዲኤንኤ ልናወጣ ሞከርን። ሙዙን በጁስ መፍጫ ፈጭተን፣ በላርጎና በጨው አሽተን፣ አረቄ ጨመርንበት። አረፋ እንጂ ሌላ ነገር አላየንም። — የሳይንስ ክበብ አባላት፣ ጠዳ

መልስ፦ ሦስት ቦታ ተበላሽቶባችኋል። አረቄው ደካማ ነው፤ ዳግም የወጣው እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ50 በመቶ በታች ስለሆነ ዲኤንኤው ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። ከፋርማሲ ቢያንስ 70 በመቶ የሆነ አልኮል ግዙ፤ ከ90 በላይ ከተገኘ ይሻላል። እሱ ለመጠጥ አይሆንም፣ እሳትም ይይዛል፤ ከምድጃ አርቁት። ሁለተኛ፣ መፍጫው ረጃጅሙን ክር ይቆራርጠዋል፣ ላርጎውም አረፋ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ሙዝ ፔክቲን የሚባል የሚያጣብቅ ነገር ስለሚበዛበት ቢሳካላችሁም እንኳ የሚወጣው ነጭ ነገር ከፊሉ ዲኤንኤ አይደለም። ቀይ ሽንኩርት ሞክሩ።

አንድ መካከለኛ ሽንኩርት ደቅቃችሁ ክተፉ። በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ላርጎ ጨምሩና አረፋ እንዳይሆን በቀስታ አዋህዱ። ሽንኩርቱን ጨምራችሁ ዕቃውን 60 ዲግሪ በሚጠጋ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ አስቀምጡ። ቴርሞሜትር ከሌለ የፈላ ውሃና የቧንቧ ውሃ እኩል እኩል ቀላቅሉ፤ ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ድብልቁ 55 ገደማ ይሆናል፣ ይበቃል። ከዚያ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ፤ ካልቀዘቀዘ የሽንኩርቱ የራሱ ኢንዛይሞች ዲኤንኤውን መቁረጥ ይጀምራሉ። በንጹሕ ሻሽ አጥሉት፤ አትጭመቁት። ከጠለለው ጥቂቱን በቀጭን ብርጭቆ ቅዱና ብርጭቆውን አዘንብላችሁ፣ ፍሪዘር ውስጥ ያደረ አልኮል ከጠለለው እጥፍ በሚሆን መጠን በግድግዳው ላይ ቀስ ብላችሁ አንጠባጥቡ። ከላይ ይንሳፈፋል እንጂ መቀላቀል የለበትም። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ በሁለቱ ፈሳሾች ድንበር ላይ ነጭ፣ እንደ ጥጥ የተጎተተ ነገር ይታያል፤ በስንጥር እያዞራችሁ ጠቅልሉት።

ላርጎው ቅባት የሆነውን የህዋስ ሽፋን ይበትናል። ጨው የሚያስፈልገው ፎስፌቶቹ ሁሉ አሉታዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው፤ ሶዲየሙ መካከል ገብቶ ግፊያውን ሲያበርደው ክሮቹ ይሰበሰባሉ። በላርጎ ፋንታ በረኪና እንዳትጠቀሙ፤ እሱ ዲኤንኤውን ራሱን ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ፒሲአር (ዲኤንኤን በቱቦ ውስጥ የማባዣ ዘዴ) የሚሠራው ህዋስ በሚሠራበት መንገድ ነው ይባላል። ታዲያ ሄሊኬዝና ፕራይሜዝ የት ሄዱ? ደግሞስ አንዳንዴ ባንድ (የተባዛው ዲኤንኤ በጄል ላይ የሚሠራው መስመር) የሚጠፋው፣ አንዳንዴ ደግሞ ኔጋቲቭ ኮንትሮል (ናሙና ያልተጨመረበት ቱቦ) ላይ የሚመጣው ለምንድን ነው? — የሕክምና ላብራቶሪ ተማሪ፣ ጎንደር

መልስ፦ የሄሊኬዝን ሥራ ሙቀት ይሠራዋል፤ በ95 ዲግሪ ክሮቹ ሙሉ በሙሉ ይለያያሉ። የፕራይሜዝን ሥራ ደግሞ አንቺው ሠርተሽዋል፤ ከ18 እስከ 25 ፊደል የሆነ የዲኤንኤ ፕራይመር አዘሽ ቱቦው ውስጥ ጨምረሻል። ፖሊሜሬዝ ከባዶ አለመጀመሩ እዚህም አልቀረም፤ የትኛው ቦታ እንደሚባዛ የምንመርጠውም በዚሁ ድክመቱ ነው። ኦካዛኪ ቁርጥራጭ ግን የለም። ክሮቹ ገና ከመጀመሪያው ስለተለያዩ የሚጠበቅ መክፈቻ የለም፤ ሁለቱም ሳይቋረጡ ይቀዳሉ።

ባንድ ሲጠፋ መጀመሪያ የማጣበቂያውን ሙቀት፣ ማለትም ፕራይመሩ ከክሩ ጋር የሚጣበቅበትን፣ እይ። ለአጭር ፕራይመር ጣት ላይ የሚሰላው ዘዴ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ኤ ወይም ቲ 2 ዲግሪ፣ ለእያንዳንዱ ጂ ወይም ሲ 4 ዲግሪ። 20 ፊደል ሆኖ ግማሽ በግማሽ ከሆነ 20 ሲደመር 40፣ 60 ይመጣል፤ ከዚያ 5 ዲግሪ ወረድ ብለሽ በ55 ጀምሪ። ባንዱ ደካማ ከሆነ ሁለት ሁለት ዲግሪ ዝቅ፣ የማይፈለጉ ባንዶች ከበዙ ሁለት ሁለት ከፍ። ቀጥሎ ናሙናውን ጠርጥሪ። ደሙ የተቀዳው በአረንጓዴ ክዳን ቱቦ ከሆነ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን አለበት፤ ሄፓሪን ፖሊሜሬዝን ያግዳል። ወይን ጠጅ ክዳን ባለው በኢዲቲኤ ቱቦ ይቀዳ። ያልታጠበ የሄሞግሎቢን ቅሪትም ያግዳል፤ ናሙናውን በ10 እጥፍ አቅጥነሽ ስትደግሚው ባንድ ከመጣ ምክንያቱ ያ ነበር። መብራት መሃል ላይ ጠፍቶ ከነበረ ውጤቱን አትመኚው፤ ማሽኑ ካቆመበት የሚቀጥል ዓይነት ቢሆን እንኳ ቱቦው ለብ ባለ ሙቀት የቆየበት ጊዜ የማይፈለግ ነገር እንዲያያዝ ያደርጋል።

ኔጋቲቭ ኮንትሮል ላይ የሚመጣ ባንድ ግን ብክለት ነው፤ ሌላ ትርጉም አትፈልጊለት። በ30 ዙር አንድ ሞለኪውል በስሌት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል፤ የትናንቱን ውጤት የከፈትሽበት ጠረጴዛ ላይ ዛሬ ቅልቅል ካዘጋጀሽ የአንድ ጠብታ ሩብ እንኳ ለመበከል ይበቃል። ማዘጋጃውና መክፈቻው ክፍል ይለይ፤ ፒፔትም፣ ጋውንም ከዚያኛው ወደዚህኛው አይመለስ። ጠረጴዛውን አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በሆነ ድብልቅ ጥረጊ፣ 10 ደቂቃ አቆዪው፣ በውሃ አስለቅቂው። አልኮል ብቻውን ዲኤንኤን አያጠፋም፤ ለጠዳ ልጆች እንደነገርናቸው ያጠራቅመዋል እንጂ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ጤና ጣቢያ ፎሊክ አሲድ ሲሰጧት «ለዲኤንኤ ነው» አሏት። ምኑ ነው ለዲኤንኤ የሚሆነው? — አባወራ፣ ሳሙና በር

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ታይሚን የሚሠራው ዩራሲል ከሚባለው ፊደል ላይ አንድ ካርቦን ተጨምሮበት ነው፤ ያን ካርቦን ተሸክሞ የሚያመጣው ፎሌት ነው፤ ፎሊክ አሲድ በክኒን የሚሰጠው ፎሌት ነው። ፎሌት ሲያንስ ታይሚን ያጥራል፤ ፖሊሜሬዝ በታይሚን ቦታ ዩራሲል ያስገባል፤ አራሚዎቹ ይቆርጡታል፤ ሲሞላ እንደገና ዩራሲል ይገባል። በዚህ ቆርጦ መሙላት መሃል ክሩ ይበጠሳል። መጀመሪያ የሚጎዱት ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈሉ ህዋሳት ናቸው፦ የአጥንት መቅኔና ፅንስ። የፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ማለት ነው። ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮግራሙ ከማርገዝ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ቢጀመር ነው ለዚህ የሚደርሰው። አሁን የሚሰጣት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ለደሟም ለልጁ ዕድገትም ያስፈልጋታልና አታቋርጥ። ለሚቀጥለው ግን አስቀድማችሁ ጀምሩ። ምስር፣ ሽንብራና ጎመን ፎሌት አላቸው፤ ጎመኑ ብዙ ከተቀቀለ ግን ይቀንሳል፣ ውሃውም ከተደፋ አብሮ ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ደም ማነስ ያለበት ሰው የጎደለው ቫይታሚን ቢ12 ከሆነ፣ ፎሊክ አሲድ ብቻውን ደሙን ያስተካክልና በሽታውን ይሸፍነዋል፤ ነርቩ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል። ሳይመረመሩ በራስ ፈቃድ ለወራት መውሰድ የማይመከረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ሜትር ዲኤንኤ ዓይን በማያየው ህዋስ ውስጥ እንዴት ይገባል? ሳይወሳሰብስ? — ሸማኔ፣ ወለቃ

መልስ፦ ለእርስዎ ማስረዳት ይቀለናል። ኒውክሊየሱን፣ ማለትም ዲኤንኤው የሚቀመጥበትን የህዋሱን ክፍል፣ 10,000 ጊዜ ቢያሳድጉት የትንሽ ብርቱካን ያህል፣ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክሩ ያን ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱ ግን 0.02 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ጥጥ ጭረት ያህል ነው። በ46 ተቆራርጧል፤ እያንዳንዱም በልቃቂት በልቃቂት ተጠቅልሏል። ልቃቂቱ ሂስቶን የሚባሉ ስምንት ፕሮቲኖች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ 147 የፊደል ጥንድ ሁለት ዙር ሳይሞላ ይጠመጠማል። ለመቅዳት ልቃቂቱ ይፈታል፣ እንደተቀዳ ወዲያው ይጠቀለላል፤ ስለዚህ ህዋሱ ክሩን ብቻ ሳይሆን ሂስቶኖቹንም እጥፍ ማድረግ አለበት። ይወሳሰባል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ይወሳሰባል። የሚፈታው ለመምህሩ የጠቀስነው ቶፖአይሶሜሬዝ ነው፤ አንዱን ክር ቆርጦ ሌላውን በመሃሉ አሳልፎ መልሶ ይቀጥለዋል።

ጥያቄ፦ መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ በካላዛር ታሞ የመጣ ወንድም አለኝ፤ አሁን ድኗል። ሲታከም የበሽታው ተሕዋስ ዲኤንኤ እንደ መረብ ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? — አራዳ

መልስ፦ እንኳን አተረፈልዎ። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። የካላዛር ተሕዋስ ሌሽማንያ ይባላል፤ እንደ እኛ ህዋስ በኒውክሊየሱ ውስጥ ተራ ዲኤንኤ አለው። ከዚያ ውጪ በአንድ ማይቶኮንድሪያው ውስጥ ኪኔቶፕላስት የሚባል ሌላ አለው፤ እሱ ነው መረቡ። በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶችና ጥቂት ደርዘን ትላልቅ ቀለበቶች እንደ ሰንሰለት እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ የተወሰደ ናሙና በጊምሳ ቀለም ተቀልሞ ሲታይ ከክቡ ኒውክሊየስ አጠገብ እንደ አጭር ዘንግ የሚታየው ይህ ነው። ባለሙያው ሁለቱንም፣ ክቡንም ዘንጉንም፣ ሳያይ ሌሽማንያ ነው አይልም፤ ክብ ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

የተቆላለፈ ቀለበት እንዳለ አይቀዳም። በዚህ የተሕዋሳት ቤተሰብ ውስጥ ትናንሾቹ ቀለበቶች አንድ በአንድ ከመረቡ ይፈታሉ፣ ለብቻቸው ይቀዳሉ፣ ከዚያ ከነልጃቸው በመረቡ ጠርዝ ላይ ይቆለፋሉ። የተቀዳው ካልተቀዳው እንዲለይ አዲሶቹ ክሮች ስፌታቸው ወዲያው አይዘጋም፤ ክፍተት ይተዉባቸዋል። ሁሉም ቀለበቶች ተቀድተው ሲያልቁ ነው ክፍተቶቹ የሚዘጉትና መረቡ ለሁለት የሚከፈለው።

አንድ ተሕዋስ በሺህ የሚቆጠር ተመሳሳይ ቀለበት ስለሚይዝ ፒሲአር እነዚህን ሲፈልግ በጣም ጥቂት ተሕዋስ እንኳ ያገኛል። በዚያው ልክ ምንም የማያመው፣ ተሕዋሱ ግን በደሙ ያለበት ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ስለዚህ ወንድምዎ ደህና ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ውጤት ቢመጣ፣ ትኩሳትና የጣፊያ ማበጥ ተመልሶ እንደሆነ ሐኪሙ ይየው እንጂ በወረቀቱ ብቻ መድኃኒት አይጀመር።